አጥሩን ማን አደረቀው?

ስልኩ የተደወለው በረዶው ቀልጦ ባለቀበት ሳምንት ነው። ደዋይዋ ደንበኛዬ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ። ድምፃቸው ላይ ቁጣ የለም።

«ልጄ፣ ያ የተከልክልኝ አጥር ደረቀብኝ። መጥተህ ብታየው?»

አጥሩን የተከልኩት መሬቱ በረዶ ከመያዙ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ነበር። ቱያ የሚባል ጽድ መሳይ ዛፍ ነው። 22 ችግኝ፣ ደረቴ ጋ የሚደርሱ፣ በመኪና መግቢያው ዳር በአንድ መስመር። በገመድ ለክቼ ስለተከልኳቸው ውልፍት ያለ አንድም የለም። ለአዲስ ደንበኛ ሥራዬን ሳሳይ መጀመሪያ የማወጣው ፎቶ የዚያን አጥር ነበር።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ሥራው ትንሽ ልበል። ብርድ አገር ላንድስኬፒንግ የሚሠራ ሰው ሁለት ቢዝነስ ነው ያለው። ሞቃቱ ወቅት ላይ ሣር ያጭዳል፣ ይተክላል፣ ንጣፍ ድንጋይ ያነጥፋል። ክረምት ሲገባ (ክረምት የምለው የበረዶውን ነው፣ የዝናቡን አይደለም) ያ ሁሉ ይቆማል። የመኪናው ክፍያ ግን አይቆምም። ስለዚህ ችግኝ ሲጭን የከረመው ፒክአፕ ፊቱ ላይ የበረዶ መጥረጊያ ይገጠምለትና ሌሊት ሌሊት ይወጣል። ሰው ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት መንገዱ መከፈት አለበት። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከአልጋ የሚያስወርድ ሥራ ነው።

መሃል ላይ ያሉት ሳምንታት ደግሞ እብደት ናቸው። ቅጠል መጥረግ አለ። የመጨረሻ ተከላ አለ። የሁሉንም ደንበኛ የውኃ ማጠጫ ቧንቧ በኮምፕረሰር ማናፋት አለ፤ ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ውስጡ የቀረ ውኃ ቧንቧውን ይሰነጥቀዋል። በዚያ ሁሉ ሩጫ መሃል ለክረምቱ ቁጭ ብሎ የሚያስብ የለም። እኔም አላሰብኩም።

ወደ ወይዘሮዋ ቤት ሄድኩ። ከጋሼ ጋር ነው የሄድነው። ጋሼ ከሠራተኞቼ በዕድሜ ትልቁ ነው፤ እኔ አካፋ መያዝ ሳልማር እሱ አትክልተኛ ነበር። ከመኪናው ወርደን አጥሩን አየነው። በመግቢያው በኩል ያለው ጎን ቡናማ ሆኗል። እንደ ዛገ ቆርቆሮ።

እኔ አላመነታሁም። «ብርዱ ነው» አልኩ።

ከዚያም አስረዳኋቸው። እንዲህ ያሉ ዛፎች ክረምቱን ሙሉ ቅጠላቸውን አያራግፉም። ፀሐይና ነፋስ ከቅጠሉ እርጥበት ይመጥጣሉ። መሬቱ በረዶ ስለያዘ ሥሩ ምትክ ውኃ መሳብ አይችልም። ዛፉ በረዶ መሃል ቆሞ በጥማት ይደርቃል። የተናገርኩት ነገር እውነት ነው። በእውነት የሚደርስ ነው፣ እኔም ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ደግሞ ኮንትራታችን ላይ የአንድ ዓመት ዋስትና ብሰጥም «በአየር ጠባይ ከሚደርስ ጉዳት በቀር» የሚል መስመር አለ። ብርድ ከሆነ ኪሴ አይነካም። ያንን ስናገር አስቤው ነበር ወይ? አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም።

«እግዜር ካመጣው ምን ይደረጋል» አሉ ወይዘሮዋ። አመስግነውኝ ገቡ። ማመስገናቸው ነው እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ።

መኪና ውስጥ ገብተን ትንሽ እንደሄድን ጋሼ፣ «ተመለስ» አለኝ።

«ምን ረሳን?»

«ተመለስ ብቻ።»

ተመለስን። አጥሩ ሥር በጉልበቱ ተንበርክኮ እንድጠጋ በእጁ ጠራኝ። «እየው። ብርድ ሲያቃጥል ከላይ ነው የሚያቃጥለው። በረዶ የሸፈነው ቅጠል ብርድ ልብስ እንደለበሰ ሰው ነው፣ ለምለም ሆኖ ይወጣል። ያንተው ተገልብጦብሃል።» እውነቱን ነው። የዛፎቹ አናት አረንጓዴ ነበር። የደረቀው ከወገባቸው በታች ነው። «ፀሐይዋስ በየት በኩል ነው የምትመታው?» አለኝ ቀጥሎ። በዚያኛው በኩል፣ በሣሩ በኩል። እዚያ ያለው ቅጠል ሁሉ ደህና ነው። የደረቀው ቀኑን ሙሉ ጥላ የሚውለው ጎን ነው።

ከዚያ በጣቱ የአስፋልቱን ጠርዝ ጠረገው። ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር ጣቱ ላይ ቀረ። ወደ እኔ ዘረጋው።

«ቅመሰው።»

አልቀመስኩም። ምን እንደሆነ ማወቄን እሱም ያውቃል።

ያ ክረምት ለሳምንታት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ የቆየበት ነበር። የወይዘሮዋን መግቢያ በረዶ የምጠርገውም፣ የቀረው እንዲቀልጥ ጨው የምበትንበትም እኔ ነበርኩ። ጨው ሁሉ ደግሞ አንድ ይመስለኝ ነበር። ተራው ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ በረዶ ላይ ተቀምጦ ይውላል እንጂ እምብዛም አያቀልጥም። እኔ ምን አደረግኩ? አልቀለጠም ብዬ ጨመርኩ። ጠዋትም ካልቀለጠ ደገምኩ። ሌሊት አዲስ በረዶ ሲወርድ፣ መጥረጊያዬ አዲሱን ከትናንቱ ጨው ጋር አንድ ላይ አፍሶ ወደ ዳር ይገፋዋል። ዳሩ ላይ ማን አለ? አጥሩ። ግን አጥር አይታየኝም። በጨለማ፣ በመብራት፣ እንቅልፍ ባልጠገበ ዓይን የሚታየኝ ነጭ ክምር ብቻ ነው። ክምር ካለ ደግሞ እዚያው ላይ መጨመር ነው።

በአንድ እጄ የተከልኩትን በሌላኛው ቀበርኩት ማለት ነው። ጨዉ ቅጠሉን አቃጠለ፤ ሲቀልጥ ደግሞ ሥሩ ሥር ገባ። አፈር ውስጥ ጨው ሲበዛ መሬቱ ርሶም ሥሩ ውኃ መሳብ ያቅተዋል። አዲስ የተተከለ ዛፍ ደግሞ ሥሩ ገና አብሮት ከተተከለው ድቡልቡል አፈር አልወጣም፤ የሚሸሽበት የለውም።

ጋሼ «በል እንግዲህ» አለኝና ወደ መኪናው ሄደ። አብሮኝ አልመጣም።

በሩ ጋ እስክደርስ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ደወሉን ተጫንኩ።

«ብርዱ አይደለም» አልኳቸው። «እኔ ነኝ። ጨው ያለበትን በረዶ ስከምርበት ከርሜያለሁ።»

ዝም ብለው አዩኝ። አስተማሪ እንደሚያይ። «ታዲያ ቅድም ለምን ብርድ ነው አልከኝ?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብቻ አልኩ። «መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» ብለው ወደ ሥራው ወሰዱኝ፣ ከእፍረቱ አወጡኝ።

መጀመሪያ ያደረግነው ውኃ ማጠጣት ነው። ቱቦውን ዝቅ አድርገን ለቀናት፣ ቀስ ብሎ፣ ጨዉ ከሥሩ ወደ ታች እንዲወርድ። ቀጥሎ ማንን ነቅለን ማንን እንደምናቆይ መለየት ነበረብን። ጥፍራችሁን ቅርንጫፉ ላይ ጫን አድርጋችሁ ልጡን ስትፍቁት ከሥሩ እርጥብ አረንጓዴ ከወጣ ሕይወት አለ። ደረቅ ቡናማ ከሆነ የለም። ሆኖም ወዲያው አልነቀልንም። ቱያ ባዶ ከቀረ እንጨት ላይ እምብዛም እንደገና አያወጣም፤ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ያለው ግን ጊዜ ይፈልጋል። ሙቀቱ እስኪገባ ጠበቅን። ከ22ቱ ስድስት ሞቱ። በራሴ ወጪ ተካኋቸው። የዚያን ወቅት ትርፍ ከየት አመጣሁት ብላችሁ አትጠይቁኝ።

አሁን ማንኛውንም የበረዶ ኮንትራት ከመፈራረሜ በፊት ከደንበኛው ጋር ግቢውን እዞራለሁ። «በረዶው የት ይከመር?» እላለሁ። ወረቀት ላይ በእርሳስ እንሥላለን፣ ሥዕሉ ከኮንትራቱ ጋር ይያያዛል። ከዚያ ብርቱካንማ ቀለም የተቀቡ ችካሎች እተክላለሁ፤ መሬቱ ሳይጠነክር ነው ታዲያ፣ ከጠነከረ በኋላ መዶሻ ቢሰብሩበት አይገባም። መጀመሪያ መጥረግ፣ ከዚያ ጥቂት ጨው። ብርዱ ሲብስ ካልሲየም ክሎራይድ፤ ውድ ነው፣ ግን ተራው ጨው የሚለግምበት ብርድ ላይ ይሠራል። እንዳያንሸራትት ብቻ ከሆነ የተፈለገው፣ አሸዋ ይበቃል። አሸዋው ቤት ያቆሽሻል ብለው የተዉኝ ሁለት ደንበኞች አሉ። ይሁን።

ዛፍ ለመጋረድ የጆንያ ጨርቅ እጠቀማለሁ፣ ቅጠሉን ሳይነካ በችካል ተወጥሮ። አደራ፣ በላስቲክ የምትጠቀልሉ ሰዎች ተዉ። ፀሐይ ስትወጣ ውስጡ ይግላል፣ ማታ ይቀዘቅዛል፣ ዛፉ መግቢያ ያጣል።

ስድስቱ ምትኮች አሁንም ከሌሎቹ በአንድ ክንድ ያንሳሉ። አንድ ጊዜ መስመሩ እኩል እንዲሆን ረጃጅሞቹን ልከርክማቸው ብዬ መቀስ ሳነሳ ወይዘሮዋ በመስኮት ጮኹብኝ። ተውኩት።

ባለፈው ዓመት ሥራ በዝቶብኝ ዘገየሁ። ሌሊት ሌሊት ውርጭ መጣል ጀምሯል። ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ፣ መሬቱ ሊጠነክር ነው። ችካሎችህ የታሉ?»