ሐይቁ የታለ?

ከሥራ ወጥቼ አራት ኪሎ አንድ ካፌ ቁጭ አልኩ። የቤተሰቡን ሽርሽር ላቅድ ነው እንግዲህ። ሁለት ማኪያቶ አለቀ፣ የተወሰነ ነገር የለም።

ልጆቹ ላንጋኖ ካልሆነ ሞተው ይገኛሉ። ውሃው ቡናማ ቢሆንም ይዋኙበታል። ግን 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የእማዬ ጉልበት ደግሞ ረጅም መንገድ አይችልም። "ቢሾፍቱ ምን አነሰው?" አለችኝ በስልክ። እውነቷን ነው። እዚያ ያለው ባቦጋያ ሐይቅ ቅርብ ነው፣ ጸጥ ያለም ነው። የሚያሰጋኝ ጥልቀቱ ነው። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጉድጓድ ስለሆነ ከዳር ብዙም ሳይርቁ ይጠልቃል። ትንሹ ልጄ ደግሞ ውሃ ሲያይ አያስችለውም።

በዚህ መሀል ደላላው ደወለ። "ሐይቁ ፊት ለፊት ነው እህቴ! ሦስት መኝታ፣ ወጥ ቤት አለው።" ፎቶ ላከ። ዙም አደረግኩት። ሐይቁ ያለው ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ስዕል ውስጥ ነው! ብቻዬን ስስቅ አስተናጋጇ ዞር ብላ አየችኝ።

ሌላ ቤት ለማክሰኞና ለረቡዕ ጠይቄያለሁ። ቅዳሜማ ሠርጉና ሙዚቃው የት ያስተኛል? እማዬ እንደሆነች ቀኑ ሳይቆረጥ በሶ ማስፈጨት ጀምራለች።