በጠራራ ፀሐይ ጨለመ

ዛሬ ያየሁትን ሳልጽፍ አልተኛም። አርቪያችንን (ቤት የሆነች መኪናችንን) ይዘን አሜሪካ፣ ደቡብ ኢሊኖይ፣ ካርቦንዴል አካባቢ ነን። ይቺ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2017ም ዘንድሮ በ2024ም የሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ መስመር ላይ መውደቋ በጣም ይገርማል።

ጨረቃ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ እስክትሸፍን ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። መጀመሪያ ብርሃኑ የቀነሰ እንኳ አይመስልም። መጨረሻው ላይ ግን ሁሉም ተለወጠ። ብርሃኑ ብረት ብረት አለ፣ ብርድ ብርድ አለን፣ ወፎቹ ዝም አሉ። ከዛ ድርግም! የግርዶሽ መነጽራችንን አወለቅን። ጥቁር ክብ፣ ዙሪያውን ነጭ ኮሮና (የፀሐይ የውጭኛው ከባቢ አየር) እንደተበተነ ፀጉር። ከታች በኩል አንዲት ቀይ ነጥብ፤ ከፀሐይ የሚወጣ የጋለ ጋዝ ነው። ቬነስና ጁፒተር በቀኝና በግራ ብቅ አሉ። አራት ደቂቃ ገደማ ቆየ፤ ለኔ ግን ወዲያው አለቀ። አጠገባችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ እንባቸውን ሲጠርጉ አየሁ። እኔም አልቻልኩም። 99 በመቶ መሸፈኗና ሙሉው ግርዶሽ፣ እመኑኝ፣ ሰማይና ምድር ናቸው።

ትናንት ሾውኒ ደን ውስጥ ጋርደን ኦፍ ዘ ጎድስ የሚባለውን የቋጥኞች ስፍራ አየን። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ኳርተር (የ25 ሳንቲም የአሜሪካ ሳንቲም) ላይ ያለው የግመል ቋጥኝ እዛ ነው። ለሱ ብቻም መምጣት ያዋጣል።

መንገዱ ስለተጨናነቀ እዚሁ እናድራለን። ቀጣዩ ኦገስት 2026 ስፔን ነው። አብሮኝ የሚሄድ ካለ ከወዲሁ ይንገረኝ!