በምሳ ሰዓት ያየኋቸው እጆች

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ!

ዘንድሮ ካርድ አልልክም። ከትናንት ጀምሮ በስልኬ የገቡት የአደይ አበባ ሥዕሎች ተቆጥረው አያልቁም። ብዙዎቹ ጥጋቸው ላይ የአንድ ድርጅት ዓርማ ተለጥፎባቸዋል፤ ላኪው ራሱ ሳያያቸው ያሳለፋቸው ይመስለኛል። ቤይሩት የምትሠራው ታላቅ እህቴ ደግሞ ከእኔ በላይ ተማርራለች። «ሥዕሉን ተወው፤ ይልቅ ምሳ ሰዓት ላይ ወጣ በልና ያየኸውን ጻፍልኝ» አለችኝ። ስለዚህ ዛሬ ረቡዕ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የምሳ ሰዓቴን በእግሬ ስዞር አሳለፍኩት። ለእሷ የጻፍኩትን፣ የቤተሰብ ወሬውን ቀንሼ፣ ለእናንተም ይኸው።

ቢሮዬ ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ወጣሁ። ጠዋት የዘነበው ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ወጥታለች፤ ሰዉ ግን ጳጉሜንን ስለሚያውቃት ጃንጥላውን አልጣለም። ቴአትሩ ፊት ለፊት፣ ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ 25ኛ ዓመት መታሰቢያ በ1948 ዓ.ም. በቆመው የድንጋይ አንበሳ ሥር፣ አንድ ሰውዬ እግራቸው የታሰረ ሁለት ዶሮዎች አስቀምጦ የዛለ ክንዱን ያፍታታል። ዶሮዎቹ ቀና ብለው አንበሳውን ያዩታል። ሊፈሩ የሚገባቸው እሱን እንዳልሆነ ያወቁ ይመስላሉ።

ዋዜማው ረቡዕ ላይ መዋሉ ከተማውን አስቂኝ አድርጎታል። ሰዉ ሁሉ ዶሮ ተሸክሞ ሽሮ ይበላል። በየምግብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የሚታየው በያይነቱ ነው፤ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩ። ወንበሩ ሥር ግን ዶሮ ታስሯል። ዶሮው በየመሃሉ ሲጮህ ባለቤቱ በእግሩ ገፋ ያደርገውና ጎመኑን ይጠቀልላል። ቤት ውስጥ ያለው ችግር ደግሞ ከዚህ ይከፋል። ወጡ የሚሠራው ዛሬ ነው፤ የምትሠራው እናት ጾመኛ ናት፤ ታዲያ ጨዉን ማን ይቅመስ? በእኛ ቤት ይህ ሥልጣን ሰባት ዓመት ላልሞላው ልጅ ይሰጥ ነበር። ልጁም ዘመኑ አጭር መሆኑን ስለሚያውቅ በሚገባ ይጠቀምበታል። «አልታወቀኝም፤ እስቲ ጨምሩልኝ» ይላል። እህቴ ሹመቷን የተነጠቀችው ለእኔ ነው፤ እስከ ዛሬም ቂሟ የለቀቃት አይመስለኝም።

ምን ልጻፍላት እያልኩ ስሄድ ዐይኔ የሰው እጅ ላይ አረፈ። በሌላው ቀን በዚህ ሰዓት የአዲስ አበባ ሰው እጅ የሚይዘው ስልክ ነው። ዛሬ ስልኩ ኪስ ገብቷል፤ እጅ ሥራ አግኝቷል።

የዶሮ አያያዝ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ሱፍ የለበሰው የቢሮ ሰው ክንዱን ዘርግቶ ዶሮውን ከሱሪው ያርቀዋል፤ ትንሽ እንደሄደ ክንዱ ይዝልና ዶሮውና ሱሪው ይታረቃሉ። ወጣቶቹ ቁልቁል አንጠልጥለውት ወሬያቸውን ይቀጥላሉ፤ ወሬው በሞቀ ቁጥር እጃቸው ይወራጫል፤ ዶሮውም አብሮ ይወራጫል። ሴቶቹ ብብታቸው ሥር አድርገው ነጠላቸውን ያለብሱታል፤ እሱም አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ ወራጅ አለ ለማለት እንደተዘጋጀ ተሳፋሪ፣ ግራ ቀኙን ያያል። የሚሸጡበት ቦታ ቆም ብዬ አንዲት አዛውንት ሲመርጡ ተመለከትኩ። ዶሮውን አንስተው መዘኑት፣ ደረቱን ዳበሱት፣ ላባውን እፍ ብለው ቆዳውን አዩት። ሻጩ ወጣት ነው።

«እማማ፣ የሀገር ዶሮ ነው፤ ከገጠር ዛሬ የገባ።»

«መግባቱንስ ገብቷል፣ ልጄ። ሥጋውን የት ጥሎት መጣ?»

ዋጋውን አልጽፍም፤ ለእህቴም አልጻፍኩላትም። ያንን ስትሰማ ሌላ ገንዘብ ልላክ ትላለች።

እንቁላል በትሪ የያዘ ሰው ሲመጣ ደግሞ መንገዱ ይከፈታል። በዚህ ከተማ ያለ ትራፊክ ፖሊስ መንገድ የሚለቀቅለት እሱ ብቻ ይመስለኛል። ከእሱ ኋላ አንድ ወንድና አንዲት ሴት የሽንኩርት ፌስታል ሁለት ጆሮውን ተካፍለው ይዘዋል። ባልና ሚስት ይሁኑ ወይም ባልደረቦች አላወቅኩም። ይጨቃጨቃሉ፤ የነገሩ ሥር ቅቤ ነው፤ ማን ይግዛ፣ ከየት ይገዛ። ከዐይኔ እስኪሰወሩ ድረስ ተከተልኳቸው፤ ክርክሩ ጦፈ እንጂ ፌስታሉን የለቀቀ የለም።

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ወደ ላይ 209 ሜትር ይወጣል፤ ቀና ብሎ ያየው ግን አልነበረም። የዛሬው ሰው ዐይን የገንዘብ መክፈያ ማሽኖቹ ላይ ነው። ደመወዝ የገባለትም ያልገባለትም ተሰልፏል። ከውጭ አገር የተላከ ገንዘብ በሚከፈልበት መስኮት በኩል ያለው ሰልፍ ይበልጥ ይረዝማል፤ ድምፁም ይለያል። እያንዳንዱ ሰው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ቁጥር ይጽፋል። «አንዴ ድገሚልኝ… ከሰባት በኋላ ስንት አልሽኝ?» የሚጻፈው መዳፍ ላይ ነው፤ ብዕርም ከኋላ ካለው ሰው ይለመናል። እናንተ በጂዳ፣ በዱባይ፣ በቤይሩት፣ በዋሽንግተን ያላችሁ፣ የላካችሁት በዚያ መዳፍ ላይ ነው የሚያርፈው። አንዲት ሴት የተጻፈባትን ቁጥር ላብ እንዳያጠፋው እጇን ነፋስ ላይ ዘርግታ ቆማለች። ይህን ሳይ ለእህቴ ፎቶ ልላክላት አስቤ ነበር፤ በኋላ ግን የሰው ቁጥር ነው ብዬ ተውኩት።

ከዚያ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ። ከዚህ በኋላ የሚመራው አፍንጫ ነው። የበቆሎ እሸት ጥብስ ከሰል ላይ ይንጣጣል። የበለስ ጋሪ ላይ ልጁ ሁለት ጫፉን ቆርጦ፣ ወገቡን ሰንጥቆ፣ እሾሃማውን ልብስ በአንድ እጁ ገፎ ያቀርብልሃል፤ ምን ያህል ጊዜ ባየውም አልጠግበውም። ከጀበና ቡና ሻጮቹ ሥር የተጎዘጎዘው ሣር ረጥቦ የገጠር ጠዋት ይሸታል። ለማታ የሚበራው ችቦ በየዘለላው ታስሮ ግንብ ተደግፏል፤ ከሥሩ የተቀመጡት አባት በጋቢያቸው ተጠቅልለው ችቦው እንዳይረጥብ ፕላስቲክ ያለብሳሉ፤ ለራሳቸው ግን ምንም አልለበሱም። የመኪናው ጭስም አለ፤ ደስ ስለማይል ዘልዬዋለሁ።

ትናንት ጳጉሜን 4 የታላቁ ህዳሴ ግድብ ሲመረቅ እዚሁ መታጠፊያ ላይ ባንዲራ ይሸጥ የነበረውን ልጅ ዛሬ ቄጠማ ታቅፎ አገኘሁት። «ባንዲራውስ?» አልኩት። «የትናንት ነዋ ጋሼ፤ አሁን ቄጠማ ነው» አለኝ። ገበያ ከእሱ የተሻለ የሚያነብ የንግድ ምሩቅ አላውቅም። ከእሱ አጠገብ ያለው የጨርቅ ነጋዴ ቄጠማውን ሲገዛ ለራሱም ለጎረቤቱም ነው። መውሊድን ካከበረ ሳምንት አልሞላውም፤ አሁን ደግሞ የሱቁን ወለል ለዘመን መለወጫ ያለብሳል። ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው እዚህም፣ ቀጣዩ ሱቅም፣ ከዚያ የሚቀጥለውም ያው የምናውቀው የእንቁጣጣሽ ዘፈን ነው፤ ሱቆቹ ግን እኩል ስላልጀመሩት ስትሄድ ዘፈኑ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ይዘላል። የሎተሪ አዟሪው በዚህ ሁሉ መሃል «እንቁጣጣሽ ሎተሪ!» እያለ ለማሸነፍ ይታገላል።

ከቴዎድሮስ አደባባይ፣ የሴባስቶፖል መድፍ ምሳሌ ከቆመበት አለፍ ስል ፒያሳ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፈረሰው ሰፈር የነበረበትን ቦታ የምታውቁት ሰዎች ብትመጡ ለተወሰነ ጊዜ አቅጣጫ ይጠፋባችኋል። መንገዱ ሰፍቷል፣ ሰማዩም ሰፍቷል፣ ለመራመድ ይመቻል። ይህን መካድ አልችልም። ሰው ለማየት ግን ጠባብ መንገድ ይሻለኛል። በጠባቡ መንገድ ትከሻ ይነካካል፣ «ይቅርታ» ይባባላል፣ የሌላው ሰው ወሬ ሳትፈልገው ጆሮህ ይገባል። በሰፊው ላይ ሁሉም በየራሱ መስመር ያልፋል። ሻይ ትሸጥልኝ የነበረችው ሴት የት እንደገባች የሚነግረኝ አላገኘሁም። እንኳን አደረሰሽ የምላት በዚህ በኩል ነው፤ አንብባው እንደሆነ።

ጊዮርጊስ ጋር ስደርስ የቀረኝ ሰዓት ለመመለስ ብቻ የሚበቃ ነበር። ቢሆንም ጫማዬ በጭቃ ስለተለወሰ ሊስትሮ ጋ ተቀመጥኩ። የልጁ እጅ በቀለም ጠቁሯል፤ ከዶሮና ከሽንኩርት ውጪ ሲሠራ ያየሁት እጅ ይህ ነው። «ለበዓል አገር ቤት አትገባም?» አልኩት። «የእኛ መስቀል ነው። መስከረም 17ን ነው የምጠብቀው» አለኝ። ለመሳፈሪያ፣ ለእናቱ ሻሽ፣ ለታናሽ እህቱ ደብተር ያጠራቅማል። ደብተር ሲል ነው ቀኑን ሙሉ ሳላስተውለው የዞርኩት ነገር የታየኝ። ብዙ እጆች ባዶ ነበሩ፤ ወይም አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ይዘዋል። የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተርና በዓል አንድ ሳምንት ውስጥ ሲመጡ ዶሮው የሚቀርበት ቤት አለ። አንድ አባት ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ሲወጡ አየሁ፤ በአንድ እጃቸው ደብተር፣ በሌላው አንዲት ትንሽ የቄጠማ እስር። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ከሁሉም በላይ እኚህ ሰው የተሸከሙት በዓል ከብዶ ታየኝ። አንገታቸውን አቀርቅረው አልነበረም፤ ቀና ብለው፣ በፍጥነት፣ ሰላም እያሉ ነው የሄዱት።

በመመለሻዬ መንገዱ ዳር ነጭ የለበሱ ትንንሽ ልጆች አበባዮሽ ይለማመዳሉ። ከበሮ ስለሌላቸው ጀሪካን ይመታሉ። ትልቋ ግጥሙን እየረሳች በቁጣ ትሸፍነዋለች፤ ትንሿ ታስታውሳታለች፤ ያ ደግሞ ይበልጥ ያስቆጣታል። ነገ ጠዋት በራችሁን ሲያንኳኩ ዝርዝር አዘጋጁ። «ሳንቲም የለኝም» ማለት በዚያ ቀን አያምርም።

እንግዲህ፣ ነገ ሐሙስ መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። እዚህ ላላችሁ፣ በሥራ ላይ ለምትውሉ ነርሶች፣ ሾፌሮች፣ ጥበቃዎችና ዳቦ ጋጋሪዎች፣ እንኳን አደረሳችሁ። ነገ በዓልነቱ ለማይታወቅበት አገር ላላችሁ፣ ለአሠሪያችሁ ቡና እያፈላችሁ በልባችሁ ለምትቆጥሩ፣ እንኳን አደረሳችሁ። ዘንድሮ ቤታቸው ሰው ለጎደለባቸው፣ ሁለት ሰው የሚበላውን ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት አውጥተው ለሚያቀርቡ፣ በተለይ እናንተን እንኳን አደረሳችሁ። ታማችሁ ለተኛችሁ ምሕረቱን ያውርድላችሁ። የተጣላችሁ ካላችሁ ዛሬ ማታ ደውሉ፤ ነገ መስመሩ ይጨናነቃል።

እህቴ ይህን አንብባ የመለሰችልኝ አንድ መስመር ነው፦ «ዘንድሮስ ጨዉን ማን ይቀምሳል?» የወንድማችን ልጅ አምስት ዓመቱ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ወጥ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። እኔም ከወጥ ቤት ተጠርቻለሁ፤ ያልተከተፈ ሽንኩርት ገና ብዙ አለ።