አይጧ የሰበረችው ሳህን

በልጅነቴ ጀጎል ውስጥ ተከራይተን ስንኖር፣ የአከራያችን የእንግዳ መቀበያ ክፍል ግድግዳ ከነደባው (ከመቀመጫው መደብ) በላይ ያለው ሁሉ በሳህን፣ በጎድጓዳ ሳህንና በስፌት ተሸፍኖ ነበር። በሐረሪዎች ቤት ግድግዳው የእመቤቲቱ ክብር የሚታይበት ስለሆነ፣ እኛ ልጆች ደጃፉን ስንረግጥ መጀመሪያ የምንሰማው ቃል «እጃችሁን ሰብስቡ» የሚል ነበር። ቶምና ጄሪ የጀመሩበትን ፊልም ያየሁት በዚያው ግድግዳ ሥር፣ ታላቅ ወንድሜ ከድሬዳዋ ይዞት በመጣው የቪዲዮ ካሴት ነው።

ፊልሙ የወጣው በ1940 እ.ኤ.አ. ነው። ዊሊያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ ቢሠሩትም በመግቢያው ላይ ስማቸው አልተጻፈም፤ ድመቱም ገና ቶም አልተባለም፣ ጃስፐር ነው። ለኦስካር ታጭቶ ሳያሸንፍ ቀረ፤ ሁለቱ ሰዎች ግን ይህችኑ ድመትና አይጥ ይዘው በኋላ 7 ኦስካር ለስቱዲዮአቸው አስገኝተዋል።

የፊልሙ ብልሃት ያለው በአንድ ዛቻ ላይ ነው። ጃስፐር አይጧን ሲያሯሩጥ ዕቃ ይሰብርና፣ የቤት ሠራተኛዋ ሌላ አንድ ዕቃ ከሰበረ ከቤት እንደምታባርረው ታስጠነቅቀዋለች። አይጧ ይህን ሰምታለች። ድመቱ እንደገና ሊይዛት ሲንደረደር፣ ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አንድ ብርጭቆ አንስታ ልትለቀው እንደሆነ ታሳየዋለች፤ እሱም ባለበት ደርቆ ይቀራል። በተረታችን አይጦች ተሰብስበው ድመት አንገት ላይ ቃጭል እንዲታሰር ሲመክሩ፣ «ማን ይሰር?» የሚለው ጥያቄ ጉባኤውን ይበትነዋል። ይህች አይጥ ግን ቃጭሉን ታስሮ ነው ያገኘችው፤ ያሰረችለት ሠራተኛዋ ናት።

ድመቱም ቢሆን ሞኝ አይደለም፤ የሚወድቀው ዕቃ እንዳይሰበር ወለሉን በትራስ ይሸፍነዋል። የዚያን ጊዜ አይጧ ወደ ሳህን መደርደሪያው ትወጣና አንድ በአንድ ትወረውር ጀመር። እሱ እየቀለበ ይደራርባል፤ ክምሩ ከራሱ በላይ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ሁለት እጁ ሳህን ታቅፎ፣ አይጧ አጠገቡ እያለች ሊነካት የማይችል ፍጡር ይሆናል። እኛ በሳቅ ስንንከባለል፣ አከራያችን አልሳቁም። ዓይናቸው ከቴሌቪዥኑ ወደ ግድግዳቸው፣ ከግድግዳቸው ወደ ቴሌቪዥኑ ይመላለስ ነበር፤ የታችኛው ረድፍ ላይ ያለች አንዲት ባለ አበባ ሳህን ጠርዟ ትንሽ ወጣ ብላ ስለነበር፣ ተነስተው በመዳፋቸው ገፋ አድርገው አስተካከሏት። ክምሩ ተንኮታኩቶ ድመቱ ሲደበደብ ደግሞ፣ «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው!» አሉ፤ ከዚያ የተሻለ የፊልሙ ሂስ እስከ ዛሬ አላነበብኩም።

በቅርቡ እንደገና ሳየው ሳልጠብቀው ቅር ያሰኘኝ ነገር ቢኖር የሠራተኛዋ አሳሳል ነው። ጥቁር ሴት ናት፤ ከወገቧ በታች እንጂ ፊቷ አይታይም፣ አነጋገሯም ለማሳቂያ ተብሎ ተጣሟል። የዘመኑ ሆሊዉድ እንዲህ ነበር ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እኔ ግን ታሪኩን በሙሉ የሚያንቀሳቅሰው የእሷ ቃል ሆኖ ሳለ ፊት የነፈጓት መሆኑ ከነከነኝ።

ፊልሙ ሲያልቅ ድመቱ ወደ ውጭ እየተጎተተ ይሄዳል፤ አይጧም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ሰሌዳ ከጉድጓዷ በር ላይ አድርጋ ትገባለች። አከራያችን ወደ እኔ ዞረው፣ «ምን ይላል የኔ ልጅ?» ብለው ጠየቁኝ። ቃሉን እንዳለ ባልተረጉመውም፣ «ቤቴ፣ ደስ የሚለው ቤቴ ነው የሚለው» አልኳቸው።

«ኪራይ ሳትከፍል!» አሉና፣ ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።