መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ የጠፋችው ሞተር

ጠዋት ስንነሳ ሞተሬ ምንም አልነበረባትም። በአንድ ርግጫ ነው የተነሳችው። ባለ 150 ሲሲ፣ በአየር የምትቀዘቅዝ፣ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ያላት ተራ ሞተር ናት። ጓደኛዬ በራሱ ሞተር ከኋላዬ ይከተለኛል። መንገዱ ቀኑን ሙሉ ስለሚወስድ ሳልባትዮውን (የቤንዚን ታንከሩን) እስከ አፉ ሞልቼዋለሁ። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

የመጀመሪያው 35 ኪሎ ሜትር አቧራ የበዛበት ጠጠር ነው። ዳገቱን ስንጀምር ኃይል አጠራት። ነዳጅ ስሰጣት አትቀበልም። ትንተፋተፋለች፣ መለስ ትላለች፣ ደግሞ ትደክማለች። ማርሽ ቀነስኩላት። ጥቂት ሜትር እያጣጣረች ሄደችና ጠፋች።

ቀላል ቀላሉን አስቀደምኩ። መሪው ላይ ያለችው ቀይ ማጥፊያ ሳላውቅ ተነክታ እንደሆነ አየሁ፤ አልተነካችም። መብራቱ ደማቅ ነው፣ በባትሪ የሚያስነሳት ሞተሪኖውም በደንብ ያዞራል፤ ባትሪው ደህና ነው ማለት ነው። የቤንዚኑ መክፈቻ ክፍት ነው። የሳልባትዮውን ክዳን ከፍቼ አየሁ፤ ቤንዚን ሞልቷል። ክዳኑን ዘግቼ ስሞክራት ተነሳች። ሁለታችንም ደስ አለንና ጉዟችንን ቀጠልን።

ወደ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄድን በኋላ እንደዚያው አደረገችኝ። ፀሐዩ በርትቷል፣ ኢንጂኑም አያስነካም።

"ሙቀት ነው" አለኝ ጓደኛዬ። "ቦቢናው ሲግል እሳት መስጠት ያቆማል። ጥላ ስር አቁማትና ትቀዝቅዝ።"

ያለው ነገር ውሸት አይደለም። ያረጀ ቦቢና (ለብልጭታው ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ጥቅል ሽቦ) ውስጡ ሲሞቅ ይሰንፋል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይሠራል። ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅን። በሁለተኛው ርግጫ ተነሳች። "አላልኩህም?" አለኝ። እኔም አመንኩት።

4 ኪሎ ሜትር እንኳን አልሄደችም። ጠፋች።

ጓደኛዬ ሞተሬን ወደ ጥላ ሊገፋልኝ ሲመጣ "ተው፣ አትንካት" አልኩት። ሁለት ጊዜ ስትጠፋብኝ ሁለቴም እስክትድን ጠብቄ ነው ያስነሳኋት። ከተነሳች በኋላ ምን ይገኛል? ሁሉ ነገሯ ደህና ነው። የሚገኝ ነገር ካለ የሚገኘው አሁን ነው፣ አልነሳም ባለችበት ሰዓት፣ እንደጋለች።

ደግሞ አጠፋፏን አስቤው ነበር። እሳት ሲቋረጥ ብዙ ጊዜ ቀጥ ነው የሚለው፤ ቁልፉን ያዞርከው ያህል ድርግም ይላል። የእኔዋ ግን ሦስቱንም ጊዜ እያጣጣረች ነው የጠፋችው። እንዲህ ያለው ቤንዚን እያጠረው የሚሄድ ኢንጂን ነው። ቢሆንም በግምት ብቻ ቦቢናውን ነፃ ማውጣት አልፈለግኩም።

እሳቱን መጀመሪያ ነው የሞከርነው፤ ቤንዚን ክፍት በሆነበት አጠገብ ብልጭታ መሞከር አደጋ ነውና ቅደም ተከተሉ እንዲህ መሆን አለበት። ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላ በቁልፉ ፈታሁት። የገመዱን ኮፍያ መልሼ ሰካሁበትና የካንዴላውን ብረት ከኢንጂኑ ራስ ጋር አጥብቄ አስነካሁት። ካንዴላው የወጣበትን ቀዳዳ ራቅ አድርጌ ነው የያዝኩት። ጓደኛዬ ሞተሪኖውን ሲነካ ጠንካራ ሰማያዊ ብልጭታ ጠብ ጠብ አለ። ኢንጂኑ እንደጋለ ነው፣ እሳቱ ግን አለ። ጓደኛዬ ዝም አለ።

ከዚያ ካንዴላውን አገላብጬ አየሁት። ጫፉ ቀለል ያለ ቡናማ ነው፣ ጥቀርሻ የለውም። ከሁሉ በላይ የገረመኝ ድርቀቱ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ላስነሳት ስሞክር ቆይቼ ቤንዚን ቢደርሰው እርጥብ መሆን፣ መሽተት ነበረበት። ጠረጴዛ ላይ የሰነበተ ነው የሚመስለው።

ካንዴላውን መለስኩና ወደ ካርቡራተሩ ዞርኩ። ከሥሩ፣ ቤንዚን የሚጠራቀምባት ትንሽ ጽዋ ላይ፣ የማፍሰሻ ብሎን አለች። ከሥሯ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ደገንኩና ብሎኗን በካቻቢቴ ላላ አደረግኳት። መክፈቻው ክፍት ከሆነ ቤንዚኑ ሳያቋርጥ መውረድ አለበት። ጥቂት ጠብታ ወረደና ቆመ። ጠበቅን። አንድ ጠብታ። ቆይቶ ሌላ አንድ።

"ማጣሪያው ተደፍኗል" አለ ጓደኛዬ። ሊሆን ይችላል። ግን ማጣሪያውን ከመፍታታችን በፊት ብሎኗን እንደላላች ትቼ የሳልባትዮውን ክዳን ከፈትኩ።

"እስስስ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። አየር ወደ ውስጥ ሲሳብ ነው። ወዲያው ከታች ጓደኛዬ "ፈሰሰ! ፈሰሰ!" ብሎ ጮኸ። ቤንዚኑ ቀጭን ክር ሆኖ ወደ ጠርሙሱ ይወርዳል። ክዳኑን ዘጋሁት፤ ፍሰቱ ቀጠለ። የገባው አየር ለጊዜው ይበቃዋላ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤንዚን ሲወጣ ቦታውን የሚይዝ አየር መግባት አለበት። ለዚያ ክዳኑ ላይ ትንሽ መተንፈሻ አለች። እሷ ስትደፈን ውስጡ አየር እያጠረው ይሄድና ቤንዚኑን ወደ ላይ ይዞ ያስቀረዋል። በውኃ የተሞላ ገለባ ጫፉን በጣት ደፍነህ ብታነሳው ውኃው እንደማይወርደው ማለት ነው። እስከ አፉ ስሞላው ደግሞ ከላይ የቀረው አየር ትንሽ ስለሆነ ትንሽ ቤንዚን ሲወጣ እንኳን ቶሎ ታነቀ።

መጀመሪያ ላይ የተነሳችውም ለዚህ ነው። ቤንዚን መኖሩን ለማየት ብዬ ክዳኑን ስከፍት ሳላውቅ አስተንፍሻታለሁ። ስለዚህ 30 ኪሎ ሜትር ሄደችልኝ። ሁለተኛው ላይ ክዳኑን አልነካሁም። ጥላ ስር ስትቆም የሠራላት መቀዝቀዙ አልነበረም፤ በዚያ ሃያ ደቂቃ ቤንዚኑ ጠብ ጠብ እያለ ያቺን ትንሽ ጽዋ ሞላት። ጽዋዋ ደግሞ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ አላስኬደችም።

ማፍሰሻዋን አጥብቄ የክዳኑን ውስጠኛ ክፍል ገልብጬ አየሁ። መተንፈሻዋ አፍ ላይ አቧራው ከጠዋቱ ጤዛ ጋር ተቦክቶ እንደ ሸክላ ደርቋል። ጓደኛዬ መለዋወጫ የፍሪሲዮን ገመድ ይዟል፤ ከጫፉ ላይ አንድ ነጠላ ሽቦ መዘዝንና ቀስ እያልን ጠረግነው። በአፌ ስነፋው መጀመሪያ እምቢ አለ። ሦስተኛው ላይ የደረቀው ጭቃ ፈንጠር ብሎ ወጣና አየሩ በነፃ አለፈ። ክዳኑን ላላ አድርጎ መሄድም ለጊዜው ያደርሳል ይባላል፤ እኔ ግን የጋለ ኢንጂን ላይ ቤንዚን ይፈናጠቃልና አላደርገውም።

ጉዞ ጀመርን። ሃያ ኪሎ ሜትር ላይ ደህና እየሄደች ሳለ ቆምኩ። ጓደኛዬም ሞተሩን አጥፍቶ መጣና ጆሮውን ወደ ሳልባትዮው አስጠጋ። ክዳኑን ቀስ ብዬ ከፈትኩት። ምንም ድምፅ የለም።

"ሂድ በቃ" አለኝ፣ ሄልሜቱን እያጠለቀ።