አንድም ቀን አልመታኝም

ባለቤቴ የነበረው ሰው አንድም ቀን እጁን አላነሳብኝም። ይህን የምለው ልመሰክርለት ብዬ አይደለም። ለዓመታት አፌን ይዞ ያኖረኝ ይኸው ስለሆነ ነው። የቤት ውስጥ ጥቃት ሲነሳ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው በለዝ ነው። እኔ ደግሞ የማሳየው በለዝ አልነበረኝም።

የደረሰብኝን ቁልጭ አድርጎ ያሳየኝ የሱፐርሂሮ ድራማ ነው። «ጄሲካ ጆንስ» ይባላል። የማርቨል ነው። ኔትፍሊክስ የመጀመሪያውን ሲዝን 13 ክፍሎች የለቀቀው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 20 ቀን 2015 ነው። እኔ ያየሁት በጣም ዘግይቼ፣ ከዚያ ቤት ወጥቼ የሥራ ባልደረባዬ ሳሎን ውስጥ ስተኛ በነበረበት ጊዜ ነው። ድራማው ሦስት ሲዝን አለው፤ የማወራው ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው። መጨረሻውንም ስለምናገር ያላያችሁ ከወዲሁ እወቁት።

ጄሲካ መኪና በእጇ የምታነሳ ሴት ናት። ኒው ዮርክ ውስጥ የግል መርማሪ ሆና ትሠራለች። የምትጫወታት ክሪስተን ሪተር ናት። ክፉው ሰው ኪልግሬቭ ይባላል፤ የሚጫወተው ዴቪድ ቴናንት ነው። ይሄ ሰው ጡንቻ የለውም። ጥሩ ይለብሳል፣ ጨዋታ ያውቃል። ያለው አፉ ብቻ ነው፤ ያዘዘው ሁሉ ይፈጸማል። «ተቀመጪ» ካለ ትቀመጫለሽ። «ራስሽን ጉጂ» ካለም ያው ነው። ጄሲካን ለወራት እንዲህ አድርጎ ይዟት ነበር። ድራማው የሚጀምረው ካመለጠች በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ድራማውን የፈጠረችውን ሜሊሳ ሮዘንበርግን ከልቤ አመሰግናታለሁ። ጄሲካ በእሱ መደፈሯን በምስል አታሳየንም። የምታሳየን የኋላውን ነው። ድምፁ በድንገት ጄሲካ ጆሮ ላይ ይመጣል። ያኔ ያደገችበትን ሰፈር መንገዶች ስም እየጠራች ራሷን ታረጋጋለች። እንቅልፍ ስለማይወስዳት ትጠጣለች። ያ ሁሉ ጉልበት ለዚህ ምንም አልፈየደላትም።

መጀመሪያ ያስደነገጠኝ የፎቶው ነገር ነው። ኪልግሬቭ ጎረቤቷን ማልኮምን እንዲተውላት ስትል፣ ጄሲካ በየቀኑ የራሷን ፎቶ አንስታ ልትልክለት ትስማማለች። ፈገግ እንድትልም ይፈልጋል። እዚያ ላይ ስደርስ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት።

የእኔው ሰው ሥራ ቦታ እረፍት የምወጣበትን ሰዓት ያውቃል። ቴክስት ያደርጋል። «ከማን ጋር ነሽ? አንሺና ላኪ።» እልካለሁ። «ምነው ፊትሽ? ፈገግ በይ እንጂ።» ደግሜ እልካለሁ። ደመወዜ የሚገባው እሱ አካውንት ውስጥ ነው። ፓስፖርቴ ያለው እሱ ጋ ነው። እናቴን የማናግረው ስፒከር ላይ አድርጌ ነው። ሎከሽን ካጠፋሁ መልሼ እስክከፍተው ድረስ ይደውላል። ድምፁን ከፍ አድርጎ እንኳ ተናግሮኝ አያውቅም። ለስለስ ብሎ ነው የሚያዘኝ።

ስምንተኛው ክፍል ደግሞ አለ። ኪልግሬቭ ጄሲካ ያደገችበትን ቤት ገዝቶ፣ ልክ እንደ ድሮው አሰናድቶ ይጠብቃታል። ያደረግህብኝ አስገድዶ መድፈር ነው ትለዋለች። ቃሉን ራሱ ይጠላዋል። ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ማደር፣ ምርጥ ምርጥ ቦታ መብላት የቱ ላይ ነው መደፈር የሆነው ይላታል። አንዱንም አልፈለግኩትም ነበር ትለዋለች።

እኛ ቤት ሽማግሌ የተቀመጠ ዕለት ትዝ አለኝ። «ልጄ፣ ይጠጣል?» አሉኝ። አይጠጣም። «ይመታሻል?» አይመታኝም። «ውጭ ያድራል?» አያድርም። «ታዲያ ምን ጎደለሽ?» ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ቀኑን ሙሉ ሥራ ውለው፣ ደክሟቸው፣ ለኛ ብለው የመጡ ናቸው። ግን የጠየቁኝ ሁሉ ስለ እሱ ጠባይ ነው። የእኔ ቀን እንዴት እንደሚውል የጠየቀኝ የለም። እሱ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጦ እያንዳንዱን መልስ ይሰማል። በእሱ ፊት ምን ልል እችል ነበር?

ከሁሉ የከበደኝ የ18 ሴኮንዱ ነገር ነው። ኪልግሬቭ አንድ ቀን ጣሪያ ላይ ቆመን ሳለ የትእዛዜ ኃይል አልቆ ነበር ይላታል። ለ18 ሴኮንድ ነፃ ነበርሽ፣ ግን አልሄድሽም፤ ፈልገሽ ነው የቆየሽው ነው የሚላት። እሷ የምታስታውሰው ሌላ ነው። ለመሄድ ልቧ ተነስቶ ነበር፤ እግሯ ሳይነሳ ድምፁ ደረሰባት። «ለምን ቶሎ አልወጣሽም?» ለሚሉኝ ሁሉ ይህን ክፍል ባሳያቸው ደስ ይለኛል። የምንኖረው አሜሪካ ነው፤ ዜጋው እሱ ነው። የግሪን ካርድ ኬዜን የከፈተልኝም እሱ ነው። «አንድ ደብዳቤ ጽፌ እስበዋለሁ» ይለኝ ነበር። ያለ ወረቀት፣ ያለ ብር፣ ያለ ዘመድ የት ነው የሚኬደው?

መጨረሻ ላይ ጄሲካ አንገቱን ሰብራ ትገድለዋለች። ይህ ፍጻሜ አላረካኝም። ሕግ አይችለውም ብሎ የተነሳ ድራማ ሌላ መውጫ እንደማይኖረው ይገባኛል። ቢሆንም እንደ እኔ ያለች ሴት አይታው «ያለ ልዩ ኃይል አይወጣም» ብላ እንዳትቀር እሰጋለሁ። የእኔ መውጫ ሕግ ነበር።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ፣ በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን የሚመለከት ሕግ አለ። በምህጻሩ ቫዋ ይሉታል። ባልሽ ዜጋ ወይም ባለ ግሪን ካርድ ሆኖ ከበደለሽ፣ ያለ እሱ ፊርማ ለግሪን ካርድ ራስሽ ታመለክቻለሽ። ድብደባ ብቻ አይደለም የሚቆጠረው፤ ሕጉ ከባድ ጭካኔ የሚለውንም ያያል። ያመለከትሽውን ባለሥልጣናቱ ለእሱ መንገር አይፈቀድላቸውም። ስሙ የሴቶች ይሁን እንጂ ወንዶችም ያመለክቱበታል። እንግሊዝና ዌልስ ደግሞ የትዳር ጓደኛን በተደጋጋሚ መቆጣጠርና ማስገደድን በራሱ ወንጀል አድርገውታል። እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። ሥራ ላይ የዋለው ዲሴምበር 29 ቀን 2015 ነው፤ ድራማው ከወጣ ከ39 ቀን በኋላ። አንዱ ከሌላው ጋር አይገናኝም፤ እኔ ግን ሁለቱን አብሬ ነው የማስባቸው።

ጠበቃዬ «መታሽ?» ብላ አልጀመረችም። «አንድ ቀንሽን ከጠዋት እስከ ማታ ንገሪኝ» ነው ያለችኝ። ነገርኳት። ስልኬንም ሰጠኋት። ያ ሁሉ ቴክስት፣ ያ ሁሉ የፈገግታ ፎቶ፣ ከነሰዓቱና ከነደቂቃው ተቀምጦ ነበር። ማስረጃዬ እሱ ሆነ። ያዘዘኝን በገዛ እጁ ጽፎ ነበርና።

ይህን የምታነቢ እህቴ፣ አሜሪካ ካለሽ የብሔራዊው የቤት ውስጥ ጥቃት መስመር ስልክ 1-800-799-7233 ነው። ሌሊትም ይሠራል፤ አስተርጓሚም ያመጣሉ። ስልክሽን እሱ የሚያየው ከሆነ ከሥራ ቦታ ወይም ከጓደኛ ስልክ ደውዪ። ሰፈራችን ትንሽ ስለሆነ አስተርጓሚው የሚያውቅሽ ወይም እሱን የሚያውቅ ሰው ሊሆን ይችላል። ድምፁን ካወቅሽው ሌላ ቀይሩልኝ በይ።