ቤዝመንቴ ውስጥ በረዶ ስጠርግ

የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ያደግኩት ከሐዲድ አጠገብ ነው፤ አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው በምድር ባቡር ሐዲድ ጥገና ነው። በረዶ መሬት ላይ ተከምሮ ያየሁት ግን አሜሪካ ከገባሁ በኋላ ነው። ማየት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ ሦስት ዊንተር የፓርኪንግ በረዶ ስጠርግ ከረምኩ።

ስለዚህ ቤዝመንቴ ውስጥ የባቡር ሞዴል ልሥራ ስል፣ በረዶ ያለበት እንዲሆን ፈለግኩ። የመረጥኩት ዌስት ቨርጂኒያ የሚገኘውን የካስን ሐዲድ ነው። በ1901 የተሠራው ግንድ ከተራራ ለማውረድ ነበር፤ ከ1963 ጀምሮ ቱሪስት ይጭናል። እኛ ጋ ባቡር ድሬዳዋ የገባው በ1902 መጨረሻ ስለሆነ እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

የካስ ዳገት ቀልድ አይደለም። አንዳንድ ቦታ መቶ ሜትር ሲኬድ 11 ሜትር ይወጣል። ተራ ባቡር እዚያ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። እዚያ የሚሠራው ሼይ የሚባለው ነው። ኤፍሬም ሼይ የሚሺጋን ግንድ ቆራጭ ነበር፤ ፓተንቱን ያገኘው በ1881 ነው። ሲሊንደሮቹ በቀኝ ጎን ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ቦይለሩ ለሚዛን ሲባል ወደ ግራ ገባ ብሏል። በጎኑ የሚሄድ ዘንግ ጎማዎቹን ሁሉ በማርሽ ያዞራል። ድምፁን ስትሰሙት የሚከንፍ ይመስላል። ዞር ብላችሁ ስታዩት ልጅ በሩጫ ይቀድመዋል።

የመጀመሪያው ስህተቴ የሠራሁት መጥረጊያ ነው። ፊቱ ላይ ትልቅ ክብ ምላጭ ያለውን፣ በረዶውን ቆርሶ ወደ ጎን የሚተፋውን ሠራሁ። የዚህ ማሽን ቦይለር የሚያዞረው ምላጩን ብቻ ነው፤ ራሱን አይነዳም፣ ሌላ ባቡር ከኋላ ይገፋዋል። አንድ ወር ለፋሁበት። ሞዴል የሚሠሩ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ አዩትና «ያምራል፤ ግን ማን ከፈለው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ይህን የሚገዙት ትልልቆቹ የባቡር መስመሮች ነበሩ። ከግንድ አመላላሾቹ ብዙዎቹ በረዶው ሲበረታ ሥራ አቁመው እስኪቀልጥ ይጠብቁ ነበር። ያላቆሙት ደግሞ እንደ ሽብልቅ የሾለ ብረት ከፊት ያስሩና፣ የቀረውን ለአካፋ ይተዉታል።

እሺ፣ ሽብልቁን ሠራሁ። ባቡሩን የሰው ቁመት ወደሚያክል ክምር እየሮጠ እንደሚገባ አድርጌ አቆምኩት። እዚህ ላይ እንኳ የራሴ እንጀራ ሊያስተምረኝ ይገባ ነበር። መጥረጊያ የተገጠመለት መኪና በረዶውን በዝግታ ሲገፋ፣ በረዶው ወደ ጎን አይወረወርም፤ ከፊት እያበጠ እያበጠ መጨረሻ ላይ መኪናውን ያቆመዋል። ሽብልቅ የሚወረውረው ፍጥነት ሲኖር ነው። ትልልቆቹ ባቡሮች ወደኋላ ተመልሰው፣ ተንደርድረው ይመቱታል። ሼይ ግን በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር ብዙ አያልፍም። ሐዲዱም ቀጭን ነው፣ አንዳንዴም እንዲሁ መሬት ላይ የተነጠፈ። የደረቀ ክምር ቢመታ መጥረጊያው ሽቅብ ተነስቶ ከሐዲድ ይወጣል።

ታዲያ መላው ምንድን ነው? እንዲከመር አለመፍቀድ። በጃንዋሪ 2016 ዋሽንግተን አካባቢ ያ ሁሉ በረዶ ሲወርድ፣ እኛ በየሁለት ሰዓቱ እየወጣን ጠረግን፤ አጠገባችን ያሉት ጠዋት እንጀምራለን ብለው ተኙ። ሰኞ እኛ ቡና ስንጠጣ እነሱ ዶማ ይፈልጉ ነበር። ተራራ ላይም ያው ነው። በረዶው እየወረደ ሳለ ባቡሩን ማመላለስ ነው።

ክምሩን አፈረስኩት። በምትኩ ግራና ቀኝ 14 ሚሊ ሜትር ግድግዳ አቆምኩ፤ ሞዴሉ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ስለሚያንስ (1፡87)፣ ስናሰላው 1.2 ሜትር ገደማ ነው። አካፋ የያዙ ስድስት ሰዎችም ጨመርኩ። ከዚያ ፎቶ አንስቼ ለአባቴ ላክሁ።

ደወለ። ስለ ውበቱ አንድ ቃል አልተናገረም።

«ጎማው በየት በኩል ነው የሚያልፈው?»

«በሐዲዱ ላይ ነዋ፣ አባዬ።»

«ከንፈሩስ?»

ዝም አልኩ። በሁለቱ ሐዲዶች መሃል ያለውን በረዶ ከሐዲዱ አናት እኩል አድርጌ ሞልቼዋለሁ። የጎማው ከንፈር፣ ማለትም ከሐዲዱ በውስጥ በኩል ዝቅ ብሎ ጎማውን የሚይዘው ጠርዝ፣ የሚገባበት ቦታ የለም። «እኛ ጋ ጎርፍ አሸዋ ሲሞላው ነው የምንቸገረው። አሸዋም ይሁን በረዶ፣ ከንፈሩ መግቢያ ካጣ ባቡሩ ይወጣል» አለኝ። በረዶ አይቶ የማያውቅ ሰው!

ለካ ለዚህ ሥራ ለብቻው የተሠራ ምላጭ አለ። በሐዲዶቹ መሃል ወርዶ ከአናታቸው ዝቅ ያለውን ይፍቃል። ሐዲድ የሚገነጠልበት ቦታ ሲደርስ ካልተነሳ ግን ብረቱን ነቅሎ ይሄዳል። እዚያ ቀን የቀለጠው ማታ ድንጋይ ስለሚሆን፣ ሰው ነው በዶማና በመጥረጊያ የሚያጸዳው። እኔ በስቴኪኒ ሁለት ምሽት ፋቅሁ።

በረዶ ብዬ የበተንኩት ቤኪንግ ሶዳ ነበር፤ አትሞክሩት። እርጥበት ይስባል፣ ሐዲዱንም ይበላል። በስድስት ወር አረንጓዴ ሆነብኝ። አሁን የእብነ በረድ ዱቄት በቀጭን ኮላ ነው የምጠቀመው።

የቀረችኝ አንድ መገንጠያ ናት። መጥረጊያ የያዘ ሰውዬ አቁሜባታለሁ። አባቴ ትናንት ፎቶውን አጉልቶ አይቶ «ይሄ ሰውዬ ጓንት የለውም» አለኝ።